የአነስተኛ ነጋዴ ግብር፦ ከቀን ገቢ ግምት ወደ ዓመታዊ ሽያጭ

ከእንጦጦ ማርያም ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው መንገድ ሽሮ ሜዳን ያቋርጣል። በዚህ ሰፈር ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ ከሸማኔ እየተረከቡ የሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎች በርካታ ናቸው። ገበያቸው ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ይደራል፤ ሠርግ በማይኖርበት የጾም ወቅት ደግሞ ይቀዘቅዛል። የአንድ ቀን ሽያጭ የዓመቱን አያሳይም።

ለዓመታት ያህል ግን የእንዲህ ያለው ነጋዴ ግብር የሚሰላው በቀን ገቢ ግምት ነበር። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ያለው «ለ»፣ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነው ደግሞ «ሐ»። የደረጃ «ሐ» ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት ግብሩ በቁርጥ ይወሰን ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተገለጸው ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ተቃውሞ ማስነሣቱ ይታወሳል።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አወረዳቸው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ «ለ» ይመደባል፤ ግብሩም በጠቅላላ ዓመታዊ ሽያጩ ላይ ይሰላል፤ ሽያጩ ሲያድግ ምጣኔውም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሁለት ነጋዴዎች በዓመት እያንዳንዳቸው የ600 ሺህ ብር ልብስ ሸጡ እንበል። አንዱ ዕቃውን በ420 ሺህ ብር፣ ሌላው በ560 ሺህ ብር ገዝቶታል። የመጀመሪያው 180 ሺህ፣ ሁለተኛው 40 ሺህ ብር ብልጫ አገኙ። የሱቅ ኪራይም ገና አልተቀነሰም። በሽያጭ ላይ የሚሰላው ግብር ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ በጥቂት ትርፍ ብዙ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋ ሲተምን ግብሩን አስቀድሞ ማስገባት አለበት፤ ዓመቱ ሲያልቅ «አላተረፍኩም» ማለት አያድነውም። የዕለት ሽያጩን በደብተር የሚመዘግብም ቢያንስ በግምት ሲከራከር የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ግብር ከፋይ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚሰጠው መንገድ አለ። የውሳኔ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ለታክስ ባለሥልጣኑ ቅሬታ ያቀርባል፤ በዚያ ካልረካ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ለይግባኙ ግን ክርክር ከተነሣበት ታክስ 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ግድ ነው፤ ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ ቀላል ሸክም አይደለም። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ቀኑን በማሳለፍ ነውና ማስታወቂያው የደረሰበትን ዕለት መጻፍ ይበጃል።

የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት ይታደሳል። ለእድሳቱ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል።

ከእንጦጦ ባሻገር ባሉ ቀበሌዎች የራሱን ባሕር ዛፍ ወይም እህል ለገበያ የሚያወጣ ገበሬ ጉዳዩ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር የክልሎች ሥልጣን ነው፤ ክልሎችም ይህን በየራሳቸው አዋጅ ይወስናሉ። ከጎረቤቶቹ እየሰበሰበ አትርፎ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሥራው ንግድ ነው፤ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊያወጣ ይገባል። በአዋጅ 979/2008 መለያ ቁጥር የሌለው አቅራቢ ለድርጅት ዕቃ ሲሸጥ ገዢው ከክፍያው 30 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት እንዲያስገባ ተደንግጓል።