የሦስት ምልክቶች ጥምር፤ አነስተኛ ጥቅም ያለው አሠራር የተወገደበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1989 በጸደቀው የሲ ቋንቋ ደረጃ ውስጥ ትራይግራፍ የተባለ አሠራር ገብቶ ነበር። ይኸውም ሁለት ትእምርተ ጥያቄና አንድ ሌላ ምልክት ተከታትለው ሲጻፉ ኮምፓይለሩ ሦስቱን እንደ አንድ ምልክት እንዲያነብ የሚያዝ ነው። የጥምሮቹም ቁጥር ዘጠኝ ነበር።

አሠራሩ የተፈጠረው ከችግር የተነሣ ነው። በዘመኑ የነበረው ባለ ሰባት ቢት ሠንጠረዥ ከ128 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው፣ አይሶ 646 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ጥቂቶቹን ቦታዎች ለየአገሩ ፊደል ትቶ ነበር። በዚህም መሠረት ዴንማርኮችና ስዊድኖች በካሬና በጠምዛዛ ቅንፎች ቦታ የገዛ ፊደሎቻቸውን አስገቡ። ሲ ደግሞ ያለ እነዚህ ቅንፎች የማይጻፍ ቋንቋ ነው። የቦታ ጥበት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ማስረዳት አያሻም፤ ከ200 በላይ የሆነው የግእዝ ፊደል በዚያ ሠንጠረዥ ጨርሶ የሚገባ አልነበረም፤ በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ዘመኑ ተለውጦ የፊደል ሠንጠረዦች ሲሰፉ ትራይግራፍን የሚጽፍ ሰው እየጠፋ ሄደ። ጉዳቱ ግን አልጠፋም። ሁለት ትእምርተ ጥያቄና አንድ ትእምርተ አንክሮ አከታትሎ በጥቅስ ውስጥ የጻፈ ፕሮግራመር፣ ያልጻፈው ቁም መስመር በምትካቸው ይወጣበት ነበር። ከዚህም የከፋ ነበር፤ በማስታወሻ መስመር መጨረሻ ላይ ሁለት ትእምርተ ጥያቄና አንድ ዘንባላ ሰረዝ ከተገኙ የሚቀጥለው የሥራ ትእዛዝ የማስታወሻው አካል ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህም የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ኮሚቴ አሠራሩን ለማስወገድ አሰበ። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ2009 ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ደረጃም ትራይግራፍ እንዳለ ቀረ። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም። ኤብሲዲክ በሚባለው የዋና ኮምፒዩተሮች የፊደል ሥርዓት አንዳንድ ምልክቶች ከአገር አገር ቦታቸው ስለሚለያይ፣ በትራይግራፍ የተጻፈ ፕሮግራም በየትኛውም ሠንጠረዥ ሳይዛባ ይነበባል። እንዲህ ያለው ኮድ በየድርጅቱ ዝግ ማኅደር የተቀመጠ ነው። በይፋ የሚገኘውን ኮድ ብቻ ቆጥሮ ተጠቃሚ የለም ማለት፣ በአደባባይ ያልታየ ሰው አልተወለደም እንደማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ተነሣ፤ አይ ቢ ኤምም ዳግመኛ ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ግን ኮሚቴው መወገዱን ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደረጃም ያለ ትራይግራፍ ታተመ። የሲ ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ደረጃ ይህንኑ ፈለግ ተከተለ።

የጥቂቶቹ ተጠቃሚዎች ሥራ ግን አልፈረሰም። በፋይል ውስጥ ያለው ምልክት ወደ ቋንቋው ምልክት የሚለወጥበት መንገድ ለኮምፓይለር ሠሪው የተተወ ስለሆነ፣ የፈለገ ሠሪ ትራይግራፍን ማንበቡን ለመቀጠል ይችላል። ጂ ሲ ሲ የተባለው ኮምፓይለርም ተጠቃሚው በግልጽ ሲያዘው ያነበዋል።

የክርክሩ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው። አንድ አሠራር ሁሉን ሰው ያስገድድ ወይ የሚለውና፣ የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ያጡት ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ጥያቄ አይደለም ብሎ ሲመልስ፣ ለሁለተኛው በሩን አልዘጋም። የተቃዋሚው ድምፅ በድምፅ ብልጫ ቢሸነፍም፣ መወገዱ ያለ ጥፋት እንዲፈጸም ያስጠነቀቀው እርሱ ነበር።