እሬት በጓሯችን፦ የቱ ክፍሉ ይጠቅማል? የቱስ ይጎዳል?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ እሬትን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ምሬቱማ መተረቻ ነው፤ የመረረ ነገር ሁሉ «እንደ እሬት» ይባላል። ሕፃን ጡት እንዲተው እናቶች የሚቀቡትም እሱኑ ነው። አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ «ለፊት፣ ለፀጉር፣ ለጨጓራ፣ ለሁሉም» እየተባለ ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። አንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉና እነሱን መለየት ያስፈልጋል።

🔹 ሁለቱ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ቅጠሉን ስትቆርጡት መጀመሪያ ከልጣጩ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል። የሚመረው እሱ ነው። አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ሆድን በኃይል ያስቀምጣል። ከዚያ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ደግሞ ጄሉ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ሲሆን ለቆዳ የሚውለው ይኸው ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) በ2002 እ.ኤ.አ. ከቢጫው ፈሳሽ የሚሠሩ የሆድ ማስቀመጫ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጡ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ቢጫው ሳይወገድ ከሙሉ ቅጠሉ የሚወጣውን ጭማቂ «ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ቅጠሉን እንዳለ ፈጭቶ መጠጣት ይቅርባችሁ።

🔹 የገደሉ እሬትና አሎቬራ አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አሎቬራ የምንለው መነሻው የዓረብ ልሳነ ምድር ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጄሉ ብዙ፣ አበባው ቢጫ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ሌላ አገር የማይገኙ ሲሆኑ አበባቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው። ስለ አሎቬራ የሰማችሁት ሁሉ ለገደሉ እሬት ይሠራል ማለት አይደለም። የዱሩን ከነሥሩ መንቀልም አይገባም፤ ከአሎቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው።

🔹 እንዴት ይተከላል?

1. ከእናቲቱ ሥር የሚወጡትን ልጆች ከነሥራቸው ለዩ። ቁስሉ እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል።

2. የእኛ አገር ዋና ችግር ዋልካ አፈር ነው። ለጤፍ ጥሩ ቢሆንም በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ እሬት ደግሞ ከድርቅ ይልቅ ውሃ ይገድለዋል። መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩና አሸዋና ጠጠር ቀላቅሉበት። ቦታ ከሌላችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ቆርጣችሁ ታቹን ብሱት።

3. ውሃ የምታጠጡት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከትታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ጀሪካኑን ጣሪያ ሥር አስጠጉት።

4. ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ አለ። አሎቬራ ውርጭ አይችልም፤ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት ወይም በረንዳ አስገቡት።

🔹 እንዴት ይቆረጣል?

ተክሉ እስኪጠነክር ታገሡ። ከዚያ ከዳር ያለውን ትልቁን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ፤ የመሐሉን አትንኩ። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል አቁሙት፤ ቢጫው ይንጠባጠባል። አጥቡት፣ ላጡት፣ ጄሉን እንደገና አለቅልቁት። ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል፤ ቀለሙ ወይም ሽታው ከተቀየረ ጣሉት። ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ተዉት።

🔹 ለምን ይሆናል? ለምንስ አይሆንም?

✅ ፀሐይ ላቃጠለው ወይም ለደረቀ ቆዳ ጄሉን ቀብቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

✅ ቀላል ቃጠሎ ከሆነ መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ቆዳው ካልተላጠ ጄሉን። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ምንም ሳትቀቡ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

❌ ጥልቅ ቁስልና የቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ አታድርጉ። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት በተለመደው መንገድ የታከሙ ሴቶች የቀዶ ሕክምና ቁስል በአማካይ በ53 ቀን ሲድን፣ የአሎቬራ ጄል የተደረገላቸው 83 ቀን ወስዶባቸዋል።

❌ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቢጫውን እንዳትጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም አይሰጥም ይላል። የልብ ወይም ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይጠንቀቅ፤ ተቅማጡ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል።

🔹 ጡት ማስጣሉስ?

ጡት ላይ የሚቀባው የሚመረው ክፍል ነው፤ ያው ሆድ የሚያስቀምጠው ማለት ነው። ለአዋቂ ቀላል የሆነ ተቅማጥ የሕፃንን ሰውነት ቶሎ ያደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ይመክራል። ማስጣል ካስፈለገም በቀን አንድ አንድ ጊዜ እየቀነሱ፣ በምትኩ ምግብ እየሰጡ ቀስ በቀስ ነው። ሕፃኑ ቀምሶት ካስቀመጠው ጡት ማጥባቱ ይቀጥል፣ ኦአርኤስ ይሰጠው፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ ወይም መጥባት ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

እሬቱን ትከሉት፤ ለቆዳችሁ ይሆናል። ጡት ልታስጥል ያሰበች እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩላት።