ጨውና እንቅርት፦ ከአሰብ እስከ ወጥ ቤት

በአገራችን የጨው ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አሞሌ ነው። ከዳናክል በረሃ እየተፈለጠ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ ከማጣፈጫነቱም ሌላ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል መኖሩ የታወቀ ነው። ደገኛው ለጨው ብዙ ዋጋ ከፍሏል፤ ይሁንና ከጨዉ ውስጥ የጎደለውን ነገር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የጎደለው አዮዲን ነው።

ተራራማና ዝናብ የሚበዛበት አገር አፈሩ በየዘመኑ እየታጠበ አዮዲኑን ያጣል፤ ከዚያ አፈር የሚበቅለው ጤፍ፣ ገብስና ባቄላም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዲት ባለሙያ የቤት እመቤት ሽሮውን፣ ጎመኑንና ወተቱን አሟልታ ብታቀርብም፣ ሁሉም የዚያው አፈር ውጤት ከሆነ ጉድለቱ አይሸፈንም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል በሽታው ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አገር አቀፍ ጥናትም ከተመረመሩት ከ35,000 በላይ ተማሪዎች መካከል ከመቶ 30 ያህሉ እንቅርት እንደ ነበረባቸው ገልጿል። የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ አያድግም፤ ፅንሱ ሊጨነግፍ ወይም ሞቶ ሊወለድም ይችላል።

መድኃኒቱ ለመሐንዲስ አእምሮ የሚያስደንቅ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህ በ60 ዓመት ተደምሮ ከ3.3 ግራም አይበልጥም፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ በቀን 5 ግራም ጨው የሚበላ ሰው ድርሻውን ያገኛል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት በ1924 በዚህ ዘዴ መጠቀም ጀምረዋል።

በእኛ አገር ሥራው በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአሰብና በምጽዋ የጨው ማምረቻዎች ተያያዘ። ማምረቻዎቹ ጥቂትና ትልልቅ ስለ ነበሩ ቁጥጥሩ ይመች ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ይህ መንገድ ተዘጋ፤ የአፍዴራ ጨውም ቦታውን ተካ። ጨው አልጠፋም፤ የጠፋው አዮዲኑ ነው። ገበያው ሞልቶ፣ ወጡም ጣፍጦ እያለ ጉዳቱን ማን ያስተውላል? በእኔ አስተያየት ከረኀብ ይልቅ እንዲህ ያለው ጉድለት አሳሳች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል በሚሆኑት ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን «አዮዲን አለው» ማለትና «በቂ አዮዲን አለው» ማለት አንድ አይደለም። በጀርባ በሚታዘል መርጫ በጨው ክምር ላይ የተረጨ ፖታስየም አዮዴት በእኩልነት እንደማይዳረስ ለሙያ ባልደረቦቼ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንዱ ከረጢት ሲበዛበት ሌላው ያንሰዋል። ደንቡን ከማውጣት ይልቅ የማደባለቂያውን መሣሪያ ማስተካከሉ የሚከብድ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል።

የሥራው የመጨረሻ ደረጃ ደግሞ የሚፈጸመው በፋብሪካ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። ጨው ከምድጃው አጠገብ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ፣ ፀሐይና እርጥበት ካገኘው አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ቆሻሻ ይወጣለታል ተብሎ የሚታጠብ ጨውም አዮዲኑን ከውኃው ጋር ያፈሳል። በመሆኑም ማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑን አይቶ መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሮ ማውረድ ይበጃል። አዮዲን አለው ተብሎ ግን ጨውን አብዝቶ መነስነስ የደም ግፊትን መጋበዝ ነው። 5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውም ጨው ከዚሁ ይቆጠራል።