ቁጥርና ቅኔ ባንድ ጉባኤ

እኛ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ለሁለት ተከፍለናል፤ ገሚሶቻችን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ገሚሶቻችን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ገባን። በተከፈልን በሳምንቱ አንድ ጓደኛችን የታሪክ ደብተሩን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠና «ከእንግዲህ እኔ የቁጥር ሰው ነኝ» አለን። ሣቅንበት፤ ነገሩ ግን ከልባችን አልወጣም። ለመሆኑ በቀድሞ ዘመን የቁጥር ሰው የሚባል ለብቻው ነበረን? ብለን ጥቂት መመርመር ጀመርን።

በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብና ሎጂክ ይማራል፤ ከዚህም ጋራ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሥነ ፈለክና ሙዚቃ ይጨመርለታል። ሙዚቃ ከሒሳብ ወገን መቆጠሩ ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የተወጠረ ጅማት በእኩሌታው ሲያዝ ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለሚሰጥ የጥንት ግሪኮች ዜማን በክፍልፋይ ቁጥር ይለኩት ነበር።

የአገራችን ምሳሌ ግን ለእኛ ይቀርባል። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብም ይሰጣል። ይኸውም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በፀሐይና በጨረቃ አካሄድ የሚያስገኝ የቁጥር ትምህርት ነው፤ ትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይናገራል።

መርጌታ የሆኑት የአንዲት ጓደኛችን አያት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስቀምጠው አስተማሩን። የ2016 ዓ.ም.ን ፋሲካ ለማግኘት 5500 ጨምረን 7516 አልን፤ ይህን ለ19 ስናካፍል 11 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተን ወንበሩ 10 ሆነ። ለምን ለ19? 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋራ የሚለያዩት በጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው፤ የአቴናው ሜቶን በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይህንኑ ዑደት አስታውቆ ነበር። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሆኖ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ስለሚጐድል፣ ወንበሩን በ11 አባዝተን ከ110 ሠላሳ ሠላሳውን ብንገድፍ አበቅቴው 20 ወጣ፤ እስከ 30 የጐደለው 10 መጥቅዕ ነው። መርጌታ መጥቅዑን በጥቅምት 10 አዋሉት፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና የቅዳሜን ተውሳክ 8 ጨምረን 18 አገኘን። ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ሆነ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ስንቈጥር ሚያዝያ 27 ደረስን፤ በዓሉም በዚያው ቀን ውሎ ነበር።

ቀጥሎ ያ የቁጥር ሰው ጓደኛችን «2017ን ብቻዬን ልሥራ» አለ። ማካፈሉም ማባዛቱም ከሁላችን ፈጠነ፤ መጥቅዕ 29 አወጣ፤ ትክክል ነበር። ነገር ግን እንዳለፈው በጥቅምት አዋለውና ፋሲካን ግንቦት 10 አደረሰው። መርጌታ ፈገግ ብለው አንዲት የግዕዝ ቃል ነገሩን፤ ከእኛ የተረዳት አልነበረም። ሲተረጕሙልን፣ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይዋል የምትል ሕግ ኖራለች። መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ ተውሳኩ 4፣ ድምሩ 33፤ ከ30 ስላለፈ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት 3 ተሻገረ፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 12 ሆነ። ጓደኛችን ቁጥሩን ሳይሳሳት በ28 ቀን ተሳስቶ ነበር።

ሰኞ ዕለት ያችን የግዕዝ ቃል በሒሳብ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፏት አየን።