የግራካሶ ዳገትና የሞተር ማቀዝቀዣ

የዋግ የመኪና ታሪክ የሚጀምረው ሰቆጣ ላይ ሳይሆን ግራካሶ ዳገት ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተነሣው ጨው በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ እዚያ ይሸጥ፣ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። ጣሊያን በወረራው ዓመታት (1928–1933 ዓ.ም.) ከአስመራ ወደ ደሴና አዲስ አበባ የሚመጣውን መንገድ ሲሠራ ግን በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ አሳለፈው፤ ሰቆጣ በስተምዕራብ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የዋግ አንዱ ዋና በር ኮረም ሆነ። በ1977ቱ ረሃብ የዋግ ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ በእግሩ ወደ ኮረም የተመመውም አውራ መንገዱም እርዳታውም እዚያ ስለነበሩ ነው። ከአላማጣ ተነሥቶ ኮረም የሚደርስ መኪና ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚል ሜዳ በግራካሶ ጥምዝምዝ አድርጎ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። የማቀዝቀዣ ነገር በዚህ አገር የሚመዘነው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

አሮጌ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋን መግጠም ብዙ ጊዜ ለሚያፈላ ሞተር መድኃኒት ተደርጎ ይታያል። በእኔ አመለካከት ለዋግ ዳገት ይህ የተሳሳተ ግምት ነው፤ ፋኑ ከየት እንደመጣ ማየት ይበቃል። የኤሌክትሪክ ፋን በብዛት የተስፋፋው ተራራ አስቸግሮ ሳይሆን ሞተር በአግድም የሚቀመጥባቸው ትናንሽ መኪኖች ሲበዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እንደወጣችው ፊያት 128 ባለች መኪና ላይ የሞተሩ አፍንጫ ወደ ጎን ስለሚዞር በቺንጋ የሚሽከረከር ማራገቢያ ከፊት ለፊቱ ራዲያተር ጋር በቀላሉ አይገጥምም። በዚያ ላይ የከተማ ጭንቅንቅ አለ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የቺንጋው ማራገቢያ ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን በራሱ ኃይል ይነፍሳል። ግራካሶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጭነት የያዘ መኪና በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ የሰው እርምጃ ያህል እየተራመደ ሞተሩ ግን በከፍተኛ ዙር ይጮኻል። የቺንጋው ማራገቢያ ከሁሉ ጊዜ በላይ የሚፈጥነው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ኮረም ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩም ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ከሆነ ግን ውሃው በ92 ይንተከተካል። አሁን በ95 ዲግሪ የሚነሣ የሙቀት ማብሪያ ያለው ፋን እንግጠም እንበል፤ ሞተሩ እያፈላ ፋኑ ገና ቆሟል! መካኒኩ ፋኑን ይወቅሳል፣ ባለመኪናው መካኒኩን። ጥፋቱ ግን የትንሿ ክዳን ነው። ቀድሞ እርሷን ያልቀየረ፣ ራዲያተሩንም ያላስጠረገ ሰው ፋን መግዛቱ ከንቱ ወጪ ይመስለኛል።

አዳዲስ መኪኖች ሁሉ በኤሌክትሪክ ፋን እየወጡ ነው የሚል ይኖራል። ቪትዝና ኮሮላ አዎ። ነገር ግን ይህንን አገር በእውነት የሚያገለግሉት ላንድክሩዘር 70ና አይሱዙ ኤንፒአር ዛሬም ማራገቢያቸው በሞተሩ ኃይል የሚዞር ነው፤ ሲሞቅ የሚይዝ፣ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ ፍሪሲዮን ብቻ ተጨምሮበታል። አምራቾቹ ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት ያለበትን ሥራ ለኤሌክትሪክ አልሰጡም። ሌላው ክርክር የኃይልና የነዳጅ ነው፤ የቺንጋ ማራገቢያ ሳያስፈልግም ስለሚዞር ጉልበት ይበላል። ይህ እውነት ነው፤ በስስ አየር ጉልበቱ ለተመናመነ ሞተር ደግሞ ትንሹም ይቆጠራል። ነገር ግን ኤሌክትሪክም ነጻ አይደለም፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ሞተር ነው። ከ10 እስከ 20 አምፔር የሚጎትት ፋን በሌሊት ከመብራትና ከዝናብ መጥረጊያ ጋር ሲደመር የአሮጌ መኪና ዲናሞ ይታክታል፣ ባትሪውም ይራቆታል። ፋኑም የራሱ ፊውዝና ሪሌ፣ ወፈር ያለ ሽቦም ካልተሰጠው ገመዱ ይቃጠላል።

ስለዚህ የምደግፈው መተካትን ሳይሆን መጨመርን ነው። የቺንጋው ማራገቢያ በቦታው ይቆይ፤ የኤሌክትሪኩ ከራዲያተሩ ፊት ወደ ውስጥ እንዲነፍስ ይታሰርና በገበያ ቀን ሰቆጣ መሃል ቆመው ሲጭኑ፣ ወይም ወደ ተከዜ ቆላ ወርደው በሙቀት ሲቆሙ ይሥራ። ከከተማ የማይወጣ የቤት መኪና ብቻ ያለው ሰው የቺንጋውን ቢያወልቅ አልከራከረውም።