ማይክሮሶፍት አክሰስን ከፋብሪካ ኢአርፒ ጋር ማገናኘት

አክሰስን ከኢአርፒ ጋር ማገናኘት ማለት በአንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ላይ ያለን የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ የፋብሪካው መረጃ ከተቀመጠበት ሰርቨር ጋር አያይዞ መጠቀም ነው። ኢአርፒ የግዢን፣ የመጋዘንን፣ የምርት ዕቅድን፣ የሽያጭንና የሂሳብን መዝገብ በአንድ ቋት የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ግንኙነቱ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱ ይዞት የመጣው ሪፖርት ለዕለት ሥራ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ለምሳሌ የአንድ ጫማ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ «ለዚህ ሳምንት ትዕዛዝ ስንት ሶል ይጎድለናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ በሦስትና አራት ሰንጠረዦች ተበታትኖ ይገኛል።

አመጣጥ

ኢአርፒ ያደገው የጥሬ ዕቃ ፍላጎት ዕቅድ ወይም ኤምአርፒ ከተባለው ዘዴ ነው። ስለዚህ ዘዴ ጆሴፍ ኦርሊኪ እ.ኤ.አ. በ1975 መጽሐፍ አሳትሟል። አክሰስ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ኦዲቢሲ የተባለውን የጋራ መገናኛ ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የዳታቤዝ ዓይነት የተለየ መገናኛ ያስፈልገው ነበር። በኦዲቢሲ ግን ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ጥሪ ብቻ ያደርጋል፤ ጥሪውን ሰርቨሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚመልሰው ድራይቨር ነው።

አሠራር

በመጀመሪያ ለሰርቨሩ የሚስማማው ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ላይ ይጫናል። አክሰስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ድራይቨሩም ባለ 32 ቢት፣ ባለ 64 ቢት ከሆነም እንዲሁ መሆን አለበት፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የሰርቨሩ ስም፣ የዳታቤዙ ስምና የተጠቃሚው መለያ ይሞላል።

ሰንጠረዡን ማስገባትና ማያያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገባ ሰንጠረዥ ቅጂ ስለሆነ ከተቀዳበት ደቂቃ ጀምሮ ያረጃል፤ የአክሰስ ፋይልም ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። የተያያዘ ሰንጠረዥ ግን መረጃው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በአክሰስ ውስጥ ይታያል።

የተያያዘ ሰንጠረዥ በኮምፒዩተሩ ላይ ካለ ሌላ ሰንጠረዥ ጋር ሲጣመር አክሰስ ብዙ ረድፎችን በኔትወርክ ስቦ ራሱ ሊያሰላ ስለሚችል ሥራው ይንቀረፈፋል። ለዚህ መፍትሔው አሳላፊ መጠይቅ ነው። ይህ መጠይቅ በሰርቨሩ በራሱ ኤስኪውኤል ተጽፎ እንዳለ ይላካል፤ የሚመለሰውን ውጤት ማንበብ እንጂ ማረም አይቻልም።

ስህተት የሚያመጡ ሁኔታዎች

አክሰስ እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየው በመለያ ቁልፍ ነው። ቁልፍ የሌለው ዕይታ ሲያያዝ ተጠቃሚው እንዲመርጥ ይጠየቃል። በፋብሪካ የምርት አካላት ዝርዝር ውስጥ አንድ ሶል በብዙ ዓይነት ጫማ ላይ ስለሚገባ የዕቃው ቁጥር ብቻውን ቁልፍ ሊሆን አይችልም። ይህ ቁጥር ከተመረጠ አክሰስ የመጀመሪያውን ረድፍ በሌሎቹ ቦታ ደጋግሞ ሊያሳይ ይችላል። ምንም የስህተት መልእክት ስለማይወጣ፣ የተሳሳተው ድምር ለግዢ ክፍል ትክክለኛ መስሎ ይደርሳል።

ከዚህ የሚከፋው በተያያዘ ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ ነው። መጋዘን 500 ጥንድ ሶል ተረከበ እንበል። በኢአርፒው ገጽ በኩል ሲመዘገብ ቀሪው ዕቃ ይጨምራል፤ የዝውውር ታሪኩ ይጻፋል፤ ከግዢ ትዕዛዙ ላይ የተረከበው መጠን ይቀነሳል፤ ዋጋውም ወደ ሂሳብ መዝገብ ይተላለፋል። ሠራተኛው በአክሰስ ገብቶ 120 የነበረውን 620 ቢያደርገው ግን እነዚህን ተግባራት የሚያከናውነው ፕሮግራም ስለሚታለፍ በአብዛኛው የሚለወጠው ያ ቁጥር ብቻ ነው። መጋዘንና ሂሳብ ክፍል ሳይስማሙ ይቀራሉ፤ በቆጠራ ጊዜም ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ዱካ አይገኝም።

ስለዚህ ለአክሰስ የሚሰጠው መለያ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ቢሆን ይመረጣል። ክልከላው መቀመጥ ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በአክሰስ ቅጽ ላይ ቁልፍ መደበቅ ጥበቃ አይደለም። መጻፍ ግድ ሲሆን ኢአርፒው ራሱ ባዘጋጀው የመረጃ መቀበያ በኩል ይደረጋል። ማንበብም ቢሆን ፍጹም ከችግር ነጻ አይደለም፤ ትልቅ ሰንጠረዥ ከፍቶ መተው በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ የሌሎችን ሥራ ሊያግድ ስለሚችል፣ አንዳንድ ድርጅቶች ለሪፖርት የተለየ የዳታቤዝ ቅጂ ያዘጋጃሉ።

የይለፍ ቃል ከማያያዣው ጋር ከተቀመጠ ፋይሉን የቀዳ ሰው ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። ኢአርፒው ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገርም የሰንጠረዦቹ ስም ወይም አወቃቀር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ማያያዣዎቹና መጠይቆቹ እንደገና መፈተሽ አለባቸው።