የጸደቀው ስምምነትና የራቀው ከተማ፤ የዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች ታሪክ ከነገሌ ቦረና ሲታይ

መግቢያ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው የጦር ክፍል ወታደሮች በመኮንኖቻቸው ላይ አመፁ። ያስነሣቸው የፖለቲካ ዓላማ ሳይሆን የሚበሉት ምግብና የሚጠጡት ውኃ ነበር። የወታደሩ የውኃ ጉድጓድ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም በወታደሮቹ ተይዘው ተራው ወታደር የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። ይህ ድርጊት የ1966ቱ አብዮት መባቻ ሆኖ በታሪክ ይጠቀሳል።

ይሁን እንጂ የነገሌው ጥያቄ ሌላም ገጽታ አለው። ደመወዝ ተቀብሎ የሚያገለግል ሰው የሥራውና የኑሮው ሁኔታ ሲበላሽ አቤቱታውን በማን በኩልና በምን ሥርዓት ያቀርባል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡትን ዋና ዋና ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ኢትዮጵያ ከነገሌው አመፅ ከዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብላ አጽድቃ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስምምነቶቹ ጸድቀው ሳለ በደቡብ ቆላ ወደሚገኙት ከተሞች ለምን ሳይደርሱ እንደ ቀሩ፣ የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን ርቀት ለማጥበብ ምን እንደ ጠየቁ መመርመር ነው።

ከአባልነት እስከ ማጽደቅ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1911 ዓ.ም. ከቬርሳይ የሰላም ውል ጋር ተቋቋመ። ከሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚለየው በጉባኤው ላይ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች አብረው ድምፅ የሚሰጡበት በመሆኑ ነው። ጉባኤው የሚያወጣው ስምምነት አንድን አገር የሚያስገድደው ግን አገሩ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ከጸደቀ በኋላ መንግሥት ስለ አፈጻጸሙ ዘገባ ያቀርባል፤ የሠራተኛ ማኅበራትም አስተያየታቸውንና አቤቱታቸውን ለድርጅቱ የመላክ መብት ያገኛሉ። ማኅበራት በየአገሩ ስምምነቶች እንዲጸድቁ አጥብቀው የሚጠይቁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የሥራ ድርጅቱም አባል ሆነች። ነገር ግን በሠራተኛው ስም የሚናገር ሕጋዊ አካል በአገር ውስጥ ገና አልነበረም። የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መደራጀት በጀመሩበት ዘመን ራሱን የቻለ የሠራተኛ ማኅበር ሕግ ስላልወጣ እንደ ዕድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር መጠለያ ሆኖ አገልግሏል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 በሙያ ለመሰማራትና ለዚሁም ማኅበር ለማቋቋም የሚያስችል መብት ሰጠ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌም በ1954 ዓ.ም. ወጣ።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ግንቦት 27 ቀን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚደነግገውን ቁጥር 87፣ ስለ ኅብረት ድርድር የሚደነግገውን ቁጥር 98 እና የእርሻ ሠራተኞችን የመደራጀት መብት የሚመለከተውን ቁጥር 11 አጸደቀች። በዚህ ረገድ አገሪቱ በጊዜው ከቀደሙት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች።

የሃምሳ ሰው ደንብ

ስምምነት ቁጥር 87 የመደራጀትን መብት የሚሰጠው ለሠራተኞች ሁሉ ያለ ልዩነት ነው። ለየአገሩ ሕግ የሚተወው ስለ ጦር ሠራዊትና ስለ ፖሊስ ብቻ ነው። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ግን ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ሃምሳ ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ሆኑ።

ይህ ደንብ በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በዶሎ ምን ትርጉም እንደ ነበረው ለማየት በእነዚህ ከተሞች ማን ምን ይሠራ እንደ ነበር ማሰብ ይበቃል። የከተሞቹ ኑሮ የተመሠረተው በከብት ንግድና በጭነት መኪና ላይ ነበር። የከብት ነጂው፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የምግብ ቤት አስተናጋጁ፣ ውኃ በአህያ የሚያመላልሰው ሁሉ የሚሠራው ለብቻው ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር ነው። ከዚህ የሚተርፈው ደመወዝተኛ አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ የጤና ሠራተኛውና ፖሊሱ ሲሆን አሠሪው መንግሥት ነው። በአካባቢው ብዙ ሠራተኛ በአንድነት ይገኝበት የነበረው የአዶላ የወርቅ ማውጫም የመንግሥት ሀብት ነበር። ስለዚህ አንዱ የከተማ ነዋሪ በቁጥር ማነስ፣ ሌላው በአሠሪው ማንነት ምክንያት ከመብቱ ውጭ ቀረ።

ጉድለቱ የሕዝቡ የመደራጀት ልማድ ማነስ አልነበረም። የቦረና ሕዝብ በጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቹ፣ በኤላዎቹ፣ ሰው በሰልፍ ቆሞ ውኃ እየተቀባበለ የሚያወጣበትና ከብቱ በተራ የሚጠጣበት ጽኑ ሥርዓት ነበረው። ተራውን የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። የጋራ ሥራና የተራ ፍትሕ ለቆላው ነዋሪ እንግዳ አልነበሩም፤ ያልደረሰው ሕጉ ነበር።

የ1966 ዓ.ም. ጥያቄዎች

ከነገሌው አመፅ በኋላ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ መምህራን የትምህርት ሴክተር ጥናቱን በመቃወምና የደመወዝ ጥያቄ በማንሣት ሥራ አቆሙ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። አድማው ለአራት ቀናት ቆይቶ መጋቢት 2 ቀን ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት አበቃ። ከጥያቄዎቹ መካከል የሠራተኛው ሕግ እንዲሻሻል፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰንና የመንግሥት ሠራተኞችም ማኅበር ማቋቋም እንዲችሉ የሚሉት ይገኙበታል።

እነዚህን ሁኔታዎች አንዱ ሌላውን ወለደው ብሎ ማያያዝ አያስፈልግም። ሆኖም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ወታደሩ ስምምነቱ ራሱ ለአገር ሕግ ከተወው ክፍል ነበር። መምህሩ ግን ስምምነቱ አቅፎት ሳለ አዋጁ ያስቀረው ሰው ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ለመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀትን መብት ሲጠይቅ አዲስ ነገር መጠየቁ አልነበረም፤ በ1955 ዓ.ም. የጸደቀው በሕግ እንዲፈጸም መጠየቁ ነበር።

ተስፋው ግን አልዘለቀም። ኅዳር 1968 ዓ.ም. አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ወጣ፤ አንድነት ማኅበሩም ፈረሰ። በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በቦታው ተተካ። ሠራተኛው በአንድ ማኅበር ብቻ እንዲጠቃለል በሕግ መወሰኑ ከስምምነት ቁጥር 87 ጋር እንደማይጣጣም የዓለም አቀፉ ድርጅት ባለሙያዎች አመልክተዋል። ያው መንግሥት ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው፣ ጥር 20 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ስለ ሳምንት ዕረፍት፣ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት፣ ከሥራ ስለ ማሰናበትም የሚደነግጉ ስምምነቶችን አጸደቀ። ማጽደቅ ብቻውን የመብት መለኪያ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከሃምሳ ወደ ዐሥር

አዋጅ ቁጥር 42/1985 ማኅበር ለማቋቋም የሚጠየቀውን ቁጥር ወደ ሃያ አወረደ። ከዚያ ያነሱ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኞችም በጠቅላላ ማኅበር እንዲሰባሰቡ ፈቀደ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ቁጥሩን ወደ ዐሥር ዝቅ አደረገው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዚሁ ጸና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ የእርሻ ሠራተኞችና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት እንዳላቸው ደነገገ።

በ1991 ዓ.ም. ስለ እኩል ክፍያ፣ የግዳጅ ሥራን ስለ ማስወገድና ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ የሚደነግጉት ስምምነቶች ጸደቁ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የግዳጅ ሥራ ስምምነት ቁጥር 29 ግን በኢትዮጵያ የጸደቀው ነሐሴ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ከ73 ዓመታት በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው ቁጥር 144 ለማኅበራት ጥረት የተለየ ትርጉም አለው። መንግሥት ስለ ሥራ ስምምነቶች፣ ስለሚጸድቁትም ጭምር፣ አሠሪዎችንና ሠራተኞችን እንዲያማክር የሚያስገድድ ነውና ማኅበራት ከደጅ ጠያቂነት ወደ ተመካካሪነት የሚሸጋገሩበትን በር ከፈተ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው ቁጥር 189 እና በሥራ ዓለም የሚደርሰውን ጥቃትና ትንኮሳ የሚመለከተው ቁጥር 190 እንዲጸድቁ ጠይቋል።

ያም ሆኖ የ1956ቱ አዋጅ ያስቀራቸው ሁለት ወገኖች፣ የቤት ሠራተኛውና የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከ2011ዱም አዋጅ ውጭ ሆነዋል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ክፍተት ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ማጠቃለያ

ከሃምሳ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ዐሥር የወረደው ቁጥር ሲታይ የሕግ ዝርዝር ይመስላል። ከነገሌ ሲታይ ግን የጸደቀው ስምምነት ወደ ከተማው በስንት እርምጃ እንደ ቀረበ የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ለመምህራን ይህ ታሪክ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዎች በከተማቸው ያሉትን የሥራ ቦታዎች ዞረው በእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደሚሠራ ቢቆጥሩ፣ ከዚያም ቁጥሩን ከየዘመኑ አዋጅ ጋር ቢያስተያዩ፣ በ1956፣ በ1985ና በ1996 ዓ.ም. ሕግ ማን ከውስጥ፣ ማን ከውጭ እንደሚሆን ራሳቸው ይደርሱበታል። ለዕቅድ አውጪዎችም የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ አይርቅም። በአንድ አነስተኛ ከተማ አራት ሠራተኞች ባሉበት ምግብ ቤት የምትሠራ አስተናጋጅ ሕጉ የፈቀደላትን ጠቅላላ ማኅበር ለማቋቋም ብትፈልግ የምትመዘገብበት ጽሕፈት ቤት በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል? በዕቅድ ውስጥ ይህ ርቀት ካልተጻፈ፣ የጸደቁት ስምምነቶች ብዛት ብቻውን ለእርስዋ የሚነግራት ነገር የለም።